ድሬና ሐረር በፊልም ድምፅ ውስጥ፦ ውክልናን በጆሮ እንዴት ነው የምታጠኑት?

የከዚራዋ (ክር ከፋች)

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬ ነው የምማረው። በዚህ ሴሚስተር የፊልም ጥናት ኮርስ አለን። የተሰጠን አሳይመንት እንዲህ ይላል፦ አንድ ትዕይንት ምረጡ፣ በዚያ ትዕይንት አንድ የኅብረተሰብ ክፍል እንዴት እንደተወከለ በድምፅ ብቻ ተንትኑ። ስለ ካሜራው አታውሩ፣ ስለ ልብሱ አታውሩ፣ ስለ መብራቱ አታውሩ።

ውክልና ሲባል እኔ የለመድኩት ቆጠራ ነው። ስንት ሴት አለች? ማን ሀብታም ሆነ፣ ማን ዘበኛ ሆነ? መጨረሻ ላይ ማን ሞተ? በድምፅ ሲሆን ግን መግቢያው ጠፋኝ።

የመረጥኩት የእኛን አካባቢ ሰው ነው። የድሬ ወይ የሐረር ልጅ በአማርኛ ኮሜዲ ሲመጣ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ፊቱ ሳይታይ ድምፁ ይቀድማል። ገና በሩ ጋ ሆኖ «አቦ!» ይላል፣ አዳራሹ በሳቅ ያልቃል። ከዚያ ያቺ የምትፈናጠር ሙዚቃ ትገባለች። ሰውዬው እኮ ገና ምንም አላደረገም። አልቀለደም። ምናልባት ይዞ የመጣው መርዶ ሊሆን ይችላል። ሙዚቃው ግን «ሳቁ» ብሎን ጨርሷል።

ይሄ ውክልና ይባላል? ከተባለ በወረቀት ላይ እንዴት ነው የማስቀምጠው? «ሙዚቃው አስቂኝ ነው» ብዬ ብጽፍ በቀይ እስክሪብቶ እንደሚሰረዝብኝ አውቃለሁ። የተማራችሁም፣ የምትሠሩም፣ ፊልም ማየት ብቻ የምትወዱም፣ የመሰላችሁን ጣል አድርጉልኝ።

ቡም ያዥ

እህቴ፣ ጥሩ ቦታ ነው የነካሽው። ሥራዬ ድምፅ መቅዳት ነው። ሠርግም እቀዳለሁ፣ ማስታወቂያም፣ ሲገኝ ደግሞ ፊልም። ቲዎሪውን ለመምህራኑ ልተወውና የእጅ ሥራውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ላፕቶፑን አዙሪና ትዕይንቱን ሳታዪ ስሚው። የሰማሽውን ሁሉ ጻፊ። ንግግሩን ብቻ አይደለም፤ እግር፣ በር፣ ብርጭቆ፣ የሰው ትንፋሽ፣ ከሩቅ የሚያልፍ ባጃጅ። ቀጥለሽ ደግሞ ድምፁን ዘግተሽ እዪው። ጉዱ የሚወጣው ያኔ ነው። ሙዚቃው ሲነሳ ያ አስቂኝ ሰውዬ ተራ ሰው ሆኖ ቁጭ ይላል። ላብ ያጠመቀው፣ ትንሽ የደከመው፣ የሚቀመጥበት የሚፈልግ ሰው።

ከዚያ እያንዳንዱን ድምፅ «የማን ነህ?» በይው። ገፀ ባሕሪው ራሱ ይሰማዋል ወይስ እኛ ብቻ ነን የምንሰማው? የመጀመሪያው ዳያጄቲክ፣ ሁለተኛው ነን ዳያጄቲክ የሚባለው ነው፤ ኮርሱ ላይ ይኖራል። ባጃጁ ውስጥ የተከፈተውን ዘፈን ሰውዬው ይሰማዋል፤ ካልፈለገ «ዝጋልኝ» ማለት ይችላል። ያቺ የምትፈናጠረዋ ሙዚቃ ግን የእሱ አይደለችም። ኤዲቲንግ ክፍል የተቀመጠ ሰው ስለ እሱ የሰጠው አስተያየት ናት። እሱ አይሰማትም፤ ስለዚህ መልስ ሊሰጥባት አይችልም።

ርቀትንም እዪ። ለማይክ የቀረበው ማን ነው? ሁለት ሰዎች ስክሪን ላይ ጎን ለጎን ቆመው የአንዱ ትንፋሽ ሳይቀር ሊሰማ ይችላል፣ የሌላው ንግግር ደግሞ ግድግዳ እየመታ ይመጣል። እንዲህ ያለውን ዓይን ቶሎ አይነቃበትም።

ሙሸበክ በሻይ

አቦ ተዉን እንጂ! ኮሜዲ ነው፣ ሰው ይሳቅበት። እኔ ራሴ «አቦ» ሳልል ቀኑ አይመሽልኝም። ድሬ ተወልጄ፣ ድሬ አድጌ፣ «እናንተ ድሬዎች ስትናገሩ ደስ ትላላችሁ» ሲሉኝ ደስ ይለኛል። አሁን ይሄም በደል ሆኖ ሊጠና ነው?

የከዚራዋ

@ሙሸበክ በሻይ ማን ተበደለ አለ? እኔም እስቃለሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። በዚያው ቅላፄ አባቱን ቀብሮ የሚያለቅስ የድሬ ሰው በፊልም አይተህ ታውቃለህ? ፍርድ ቤት ቆሞ የሚከራከር ጠበቃስ? በድሬ አማርኛ «እወድሻለሁ» ብሎ ማንም ያልሳቀበት ወንድስ?

ሙሸበክ በሻይ

«እወድሻለሁ» ሲል እኔም ሳልስቅ አልቀርም ወላሂ።

ጀጎል ውስጥ

ሐረርስ ተረሳች? እኛም ቅሬታ አለን።

ሐረር በፊልምም በማስታወቂያም ስትመጣ ነገሩ አንድ ነው። ካሜራው በግንቡ በር ይገባል፣ ወዲያው ዑድ ይመታል፣ ከዚያ ጅብ ይጮሃል። በጠራራ ፀሐይ! ጅቡ አለ፣ አልክድም። ማታ ፈላና በር አካባቢ ጅብ ሲመገብ ለማየት እንግዳው ይጎርፋል። ግን እዚያ ቆሞ የሰማ ሰው ያንን ረጅም «ዉዉ» ብቻ አይደለም የሚያስታውሰው። አጥንት ሲቆረጠም ይሰማል። እርስ በእርስ ሲሻሙ የሚያወጡት የሳቅ የሚመስል ድምፅ አለ። አብሊው ደግሞ እያንዳንዳቸውን በስም ይጠራል። ፊልሙ ይሄን ሁሉ ትቶ «አደጋ አለ» የሚለውን አንዷን ብቻ ወስዶ ከተማው ላይ ይለጥፋታል።

የእኔ ሐረር የት እንዳለች ልንገራችሁ። መኪና ግርግር። ከፈረስ መጋላ ወደ ጊዲር መጋላ የሚወስደው ጠባብ መንገድ ነው፤ ልብስ ሰፊዎቹ ግራና ቀኝ መኪናቸውን ዘርግተው ይቀመጣሉ፣ ስሙም ከእነሱ መኪኖች ነው። በዚያ ስታልፉ ጆሮ ውስጥ የሚገባውን አስቡት። ፔዳሉ ሲረገጥ መኪናው ይሮጣል፣ ጨርቁ ጥግ ሲደርስ ቀስ ይላል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይነሳል። ከጎኑ ያለው ደግሞ በራሱ ፍጥነት ይሄዳል። መቀሱ ጠረጴዛ ላይ ጠብ ይላል። አንዲት እናት በሐረሪኛ ትከራከራለች፣ ሰፊው በኦሮምኛ ይመልስላታል፣ ዋጋው ላይ ሲደርሱ ሁለቱም ወደ አማርኛ ይገባሉ። ማንም ግር አይለውም።

ይሄን የቀዳ ፊልም ዑድ ምን ያደርግለታል?

ሳቢያን ማታ

ቦታ ይዣለሁ። እየተከታተልኩ ነው።

የቀፊራ መምህር

ልጆች፣ ጥሩ ጨዋታ ይዛችኋል። እኔ የማስተምረው ሌላ ትምህርት ነው፣ ፊልም ግን የቆየ ፍቅሬ ነው። የከዚራዋ፣ ለጽሑፍሽ መያዣ የሚሆኑሽን ጥቂት ስሞች ላቀብልሽ።

ስለ ውክልና ሲነሳ ስቱዋርት ሆልን አትዝለይ። ጃማይካ ተወልዶ እንግሊዝ ያስተማረ ምሁር ነው። ዋና ነጥቡ ይሄ ነው፦ ውክልና ቀድሞ ያለውን ነገር እንዳለ መልሶ ማሳየት አይደለም፣ ትርጉሙ የሚሠራው እዚያው በማሳየቱ ሂደት ውስጥ ነው። ስለዚህ «ፊልሙ የድሬን ሰው በትክክል አሳይቷል ወይ?» ብለሽ አትቁሚ። «ይሄ ፊልም በምን በምን ተጠቅሞ የድሬ ሰው የሚባል ነገር ሠራ?» በዪ። ያኔ «አቦ» አንድ ዕቃ ነው፣ ሙዚቃዋም አንድ ዕቃ ናት።

ድምፁን በተመለከተ ደግሞ ሚሼል ሺዮን የሚባል ፈረንሳዊ አለ። እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመው መጽሐፍ ድምፅ በምስል ላይ ትርጉም እንደሚጨምር፣ ተመልካቹ ግን ያ ትርጉም ከምስሉ የመጣ እንደሚመስለው ይናገራል። የሰውዬው ፊት አስቂኝ የመሰለን ሙዚቃዋ ስላለች ነው፤ እኛ ግን ከሲኒማ ቤት ስንወጣ «ፊቱ ራሱ ያስቃል» እንላለን። ቡም ያዥ ድምፁን ዝጊው ያለሽ ለዚህ ነው፣ ስሙን አልጠራውም እንጂ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ድምፅ ያለው ፊልም እ.ኤ.አ. በ1927 በአሜሪካ ገበያውን መያዝ ሲጀምር፣ በዓመቱ አይዘንስታይን፣ ፑዶቭኪንና አሌክሳንድሮቭ የሚባሉ ሦስት የሶቪየት ፊልም ሠሪዎች የጋራ መግለጫ አወጡ። ድምፁ ምስሉን እየተከተለ ብቻ ከሄደ ፊልም ይደነዝዛል፣ ድምፅና ምስል ይጋጩ፣ ይከራከሩ ነው ያሉት። የሚያስቅ ሰው ላይ የሚያስቅ ሙዚቃ መደረብ እነሱ የፈሩት ዓይነት ነው።

የሴት ድምፅ ላይ ልትሠሪ ካሰብሽ ካያ ሲልቨርማን እ.ኤ.አ. በ1988 የጻፈችው አለ። በጥንቱ ሆሊውድ ከላይ ሆኖ ታሪኩን የሚተርከው፣ አካሉ የማይታየው፣ ሁሉን የሚያውቀው ድምፅ ብዙውን ጊዜ የወንድ ነው ትላለች። የሴቷ ድምፅ ከአካሏ ጋር ታስሮ ይቀራል፤ ታለቅሳለች፣ ትጮሃለች፣ ትናዘዛለች። የእኛን ዘጋቢ ፊልሞች በዚህ ጆሮ ስሚያቸው።

አንድ ፊልም ግን የግድ እዪልኝ። የሴኔጋሉ ኡስማን ሴምቤን እ.ኤ.አ. በ1966 የሠራው «ላ ኑዋር ደ» ነው። ዲዋና የምትባል ልጅ ከዳካር ወደ ፈረንሳይ በሞግዚትነት ሄዳ እንደ ቤት ሠራተኛ ትያዛለች። በአፏ የምትናገረው ጥቂት ነው፤ «እሺ ጌታዬ»፣ «እሺ እመቤቴ» ነው የሚበዛው። በልቧ የምትናገረው ግን ፊልሙን ይሞላዋል። አሠሪዎቿ አይሰሙትም፣ እኛ እንሰማዋለን። ቤቱ ውስጥ ዝምተኛ ገረድ ናት፤ ለእኛ ግን ከሁሉም በላይ የምትናገረው እሷ ናት። ውክልናዋ የተሠራው በዚህ ልዩነት ነው።

አሁን ደግሞ የሚያከራክረውን ልጨምርልሽ። ያ የውስጥ ድምፅ የተዋናይቷ የምቢሲን ቴሬዝ ዲዮፕ አይደለም። የሄይቲዋ ዘፋኝ ቶቶ ቢሳንት ናት የተናገረችው፤ ያውም በፈረንሳይኛ። የዳካር ልጅ አካል፣ የሌላ ሴት ድምፅ፣ የአሠሪዎቿ ቋንቋ። ሴምቤን እ.ኤ.አ. በ1968 «ማንዳቢ» የሚባለውን ፊልም ሲሠራ በዎሎፍ አናገራቸው። እነዚህን ሁለቱን ጎን ለጎን ብታስቀምጪ አንድ ምዕራፍ ይወጣሻል።

የከዚራዋ

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይሄን ሁሉ በአንድ ቁጭታ ያነበብኩት አሁን ነው። ሌላ ሴት የተናገረችላት መሆኑ ነው ያስደነገጠኝ። የድሬውን ሰውዬም ብዙ ጊዜ የሚጫወተው የአዲስ አበባ ልጅ ነው እኮ፤ ቅላፄውን ተለማምዶ።

ገንደ ቆሬ

እኔ የምለው ሌላ ነው። ለምን ሁላችሁም ስለ ዋናው ተዋናይ ብቻ ታወራላችሁ?

የገበያ ትዕይንት አስቡ። ጀግናው ከአዲስ አበባ ይመጣል፣ ገበያ ይገባል፣ ከአንዲት ሻጭ ጋር ይነጋገራል። የእሱ አማርኛ ጥርት ብሎ ይሰማል። ከኋላ ኦሮምኛና ሶማልኛ የሚናገሩት ሴቶች ድምፅ ግን ዝቅ ተደርጎ ሙዚቃ ሥር ገብቷል። እነሱ ሰው መሆናቸው ቀርቶ «የገበያ ድባብ» ሆነዋል። እኔ ኦሮምኛ ስለምችል ጆሮዬን አስጠግቼ ሰማኋቸው። አንዷ «ይሄ ካሜራ መቼ ነው የሚሄድልን፣ ሥራ ፈታን» ነበር የምትለው። ዳይሬክተሩ አልገባውም፣ ኤዲተሩም አልገባው። ፊልሙ ውስጥ ከተባለው ሁሉ እውነተኛዋ አረፍተ ነገር ያቺ ናት፤ ማንም አልተረጎማትም።

ታች የሚወጣው ጽሑፍም ያው ነው። ጀግናው እንግሊዝኛ ሲናገር ይተረጎማል። ሴትየዋ ኦሮምኛ ስትናገር ስክሪኑ ባዶ ነው።

ቡም ያዥ

@ገንደ ቆሬ ከሥራው በኩል ለምን እንዲህ እንደሚሆን ልንገርህ፣ ለመከላከል አይደለም።

ሚክስ ላይ ንግግር አንድ ትራክ ነው፣ ሙዚቃ ሌላ፣ ድባብ ሌላ። የጀግናው ደረት ላይ ማይክ አለ። ሻጮቹ ላይ የለም። ስለዚህ የእነሱ ድምፅ ከመጀመሪያውም «ድባብ» ተብሎ ፎልደር ውስጥ ይገባል። እዚያ ከገባ በኋላ ማንም እንደ ንግግር አያየውም። ውሳኔው የተወሰነው ማይኩ የተሰካ ቀን ነው።

ከዚያ የባሰው ደግሞ አለ። ቀረፃ ላይ ድምፁ ይበላሻል፤ ንፋስ፣ ጄኔሬተር፣ ባጃጅ። ስለዚህ ንግግሩን አዲስ አበባ ስቱዲዮ ውስጥ መልሰው ይቀዱታል። ቦታው ራሱ ይጠፋል። ያንን ባዶ ለመሙላት ከኢንተርኔት የተዘጋጀ ድምፅ ይወርዳል፤ «የዓረብ ገበያ» የሚል። እና ድሬ ቀፊራ ገበያ ላይ የካይሮ ሻጭ ሲጮህ ትሰማላችሁ።

ትዝ የሚለኝ አንድ ሥራ አለ፣ ስሙን አልጠራም። ድሬን አቋርጦ የሚያልፈውን ደቻቱን ቀርፀው የሚፈስ ወንዝ ድምፅ ጨመሩበት። ኩልል የሚል ውኃ። ደቻቱ እኮ ዓመቱን አብዛኛውን አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነገድበታል።

ሳቢያን ማታ

የደቻቱ ውኃ ስትል ነው ዝም ማለት ያቃተኝ። ለአዲስ አበባ ኤዲተር ኩልል የሚል ውኃ ማለት ፍቅር ነው፣ ሽርሽር ነው። ለድሬ ሰው ደቻቱ ውስጥ ውኃ ከተሰማ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የመጣው የሌሊት ጎርፍ ነው። ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። እናቴ እስከ ዛሬ ክረምት ላይ ማታ ዝናብ ሲበረታ ሬዲዮ ዘግታ ታዳምጣለች። ያንን ድምፅ የፍቅር ትዕይንት ላይ ሲያስገቡት ለማን ነው የሠሩት? ለእኛ እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

የቀፊራ መምህር

ሳቢያን፣ ይሄን ጽሑፏ ውስጥ ታስገባው። አንድ ድምፅ ለሁሉም ሰሚ አንድ ትርጉም የለውም። ሆልም ስለ ተመልካች ሲጽፍ ይሄን ነው የሚለው፤ ሠሪው ያሰበውና ሰሚው የሚወስደው ላይገጥም ይችላል።

ጀጎል ውስጥ

ድምፃችን በደንብ የተሰማበት ፊልም የለም እንዳትሉ ደግሞ። «ፋያ ዳዪ»ን ያየ አለ? ሐረር ያደገችው ጄሲካ በሽር የሠራችው ዘጋቢ ፊልም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 አሜሪካ በሚካሄደው የሰንዳንስ ፊልም ፌስቲቫል ላይ ታየ። ጥቁርና ነጭ ነው። ኦሮምኛው፣ ሐረሪኛው፣ አማርኛው ሁሉም እንደ ንግግር ነው የሚሰማው፤ አንዱ ለሌላው ጀርባ አልሆነም። ሰው ሲያወራ አፉን ሳይሆን እጁን፣ ጭሱን፣ መንገዱን ታያላችሁ። የከዚራዋ፣ ለአንቺ ጥያቄ ከዚህ የተሻለ ማነጻጸሪያ አላውቅም።

ሙሸበክ በሻይ

አይቼዋለሁ። ቆንጆ ነው፣ አልዋሽም። ግን እሱም ስለ ጫት ነው! ኮሜዲውም ጫት፣ ዘጋቢውም ጫት። ከድሬና ሐረር ሌላ ወሬ አይወጣም?

ጀጎል ውስጥ

ይሄ ተገቢ ቅሬታ ነው። ግን ልዩነት አለ። ኮሜዲው ውስጥ ጫት የሰውዬው ጠባይ ነው። እዚያ ግን ጫት ሥራ ነው፣ ገበያ ነው፣ ከአባት ጋር ጠብ ነው፣ አገር ጥሎ ለመሄድ ማሰብ ነው። ለቀማውን፣ እስሩን፣ ጭነቱን ታያለህ። አንዱ ጉዳይ ስለሆነ ብቻ አንድ ውክልና አይሆንም።

ሙሸበክ በሻይ

እሺ ይሁን። አሁን ግን አንድ ቁም ነገር ልናገር፣ ቀልዴን ትቼ። እኔ ሱቅ ነው ያለኝ፣ የማስበው በገንዘብ ነው። ፊልሙን የሚያወጣው አዲስ አበባ ያለ ፕሮዲውሰር ነው። ትኬት የሚቆርጠውም በብዛት እዚያው ነው። ሦስት ቋንቋ የሚቀላቅል፣ ግማሹ በጽሑፍ የሚነበብ የአማርኛ ፊልም አምጣ ብትሉት «ሰው አይገባውም» ይላል። እና ደግሞ ውሸቱን አይደለም። ሰው ሲኒማ የሚገባው ሊያነብ አይደለም። ይሄን ሳትመልሱ «ውክልና ውክልና» ብትሉ ከክፍል አይወጣም።

ገንደ ቆሬ

አክስቴ ትምህርት ቤት አልገባችም። የህንድ ፊልም ግን አንድም ቃል ሳይገባት፣ አንድም ጽሑፍ ሳታነብ ስታለቅስ ነው ያደገችው። ሰው አይገባውም የሚባለው ነገር ሁልጊዜ አያሳምነኝም።

ሙሸበክ በሻይ

ሃሃ የህንዱስ በዘፈኑ ነው። በል አንተ እንዳልከው።

የከዚራዋ

የጻፍኩትን አንድ አንቀጽ ላሳያችሁ፣ ሳትራሩ እዩልኝ። መምህር፣ እርስዎም ቢያዩልኝ ደስ ይለኛል።

«በዚህ ትዕይንት የምሥራቁ ሰው በአሉታዊ መልኩ ተወክሏል። አነጋገሩ የተጋነነ ነው። ሙዚቃው ቀልደኛ ስለሆነ ተመልካቹ እንዲስቅ ያደርጋል። ይህም ስለ አካባቢው ሰዎች የተሳሳተ አመለካከት ይፈጥራል።»

የቀፊራ መምህር

ሳትራሩ ስላልሽ፦ «አሉታዊ» ሰርዢው። «የተሳሳተ»ንም ሰርዢው። ፍርዱን ቀድመሽ ሰጥተሻል፣ ማስረጃው ግን የለም። እዚህ አንቀጽ ውስጥ አንድም ድምፅ አልሰማሁም። መቼ ገባ? ከማን ጋር ገባ? መቼ ቆመ? ሌሎቹ ሲናገሩስ ምን ይሰማል?

የመጨረሻዋን ጥያቄ በተለይ መልሺልኝ። ቅላፄ አለው የሚባለው እሱ ብቻ ነው። የቀሩት ቅላፄ የላቸውም? የአዲስ አበባው አነጋገርም እኮ የአንድ ከተማ አነጋገር ነው። ፊልሙ ግን ያለ ምልክት ያልፈዋል።

የከዚራዋ

እንደገና ሰማሁት። እስቲ ይሄኛው፦

«ገፀ ባሕሪው ገና ከፍሬም ውጭ ሳለ "አቦ" የሚለው ድምፁ ይሰማል። ቃሉ ሳያልቅ ፈጣን የኪቦርድ ዜማ ይገባል። ዜማው ከታሪኩ ውጭ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ማንም አይሰማውም። ሌሎቹ ሦስት ሰዎች ሲነጋገሩ ሙዚቃ የለም፤ የሻይ ብርጭቆና የመንገድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። እሱ አፉን በከፈተ ቁጥር ዜማው ይመለሳል፣ ሲዘጋ ይቆማል። "ወንድምሽ ታሟል" ሲል እንኳን ዜማው አልቆመም፤ የቆመው የአዲስ አበባዋ ልጅ "ምን?" ብላ ስትደነግጥ ነው። ዜናውን የተናገረው እሱ ሆኖ ሳለ ፊልሙ ቁም ነገር እንዲሆን የፈቀደው እሷ ስትቀበለው ነው።»

የቀፊራ መምህር

ይሄ ነው። ምንም አትጨምሪበት።

ቡም ያዥ

ዜማው እሷ ጋ ነው የቆመው? እኔ ያንን ትዕይንት ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ልብ አላልኩም። ጥሩ ጆሮ አለሽ እህቴ።

የአሳይመንቱ ሁለተኛ ክፍል ቀረፃ ካለው አንድ ሐሳብ አለኝ። አንድ አጭር ትዕይንት ቅረፁ። አንድ ሰው በር አንኳኩቶ ይገባል፣ አንድ ነገር ተናግሮ ይቀመጣል። ምስሉን አንዴ ቁረጡትና አትንኩት። ከዚያ ሁለት ድምፅ ሥሩለት። አንዱ እንደ ኮሜዲው ይሁን። ሌላው ላይ ሙዚቃ አይኑር፤ የቤቱ ድምፅ፣ ልብሱ ሲንኮሻኮሽ፣ ሳይናገር በፊት የሚስበው ትንፋሽ ይሰማ። ሁለቱንም ለክፍሉ አሳዩና ስለ ሰውዬው አምስት አምስት ቃል አስጽፏቸው። የሺዮንን ነገር በዓይናችሁ ታያላችሁ።

የከዚራዋ

ቀረፃ አለው! ይሄን ነው የምንሠራው። ግን የቡድናችን ልጆች ድሬ ላይ ድምፅ መቅዳት ሲኦል ነው ይላሉ። በስልክ ይቻላል?

ቡም ያዥ

ይቻላል፣ ካስጠጋሽው። ስልኩን ከሸሚዙ ሥር ወይ ጠረጴዛው ላይ ከዕቃ ጀርባ ደብቂው። ካሜራው ላይ ያለውን ማይክ እርሺው። በሴኮንድ 24 ፍሬም ስትቀርፂ ድምፅ በአንድ ፍሬም ውስጥ 14 ሜትር አካባቢ ይጓዛል። ከሩቅ የቀዳሽው ንግግር ከከንፈሩ ጋር አልገጥም ሲልሽ አንዱ ምክንያት እሱ ነው፤ ያው ማስተካከል ይቻላል። ከሩቅ የገባውን የክፍል ማስተጋባት ግን በቀላሉ ማውጣት አይቻልም፤ ዋናው ችግር እሱ ነው። ቀረፃ ሲጀመር አንድ ጊዜ እጅ አጨብጭቡ፣ ድምፁንና ምስሉን ለማግጠም ይጠቅማል። መቅጃ ካገኛችሁ 48 ኪሎ ኸርትዝ፣ 24 ቢት ላይ አድርጉት። ከፍተኛው ድምፅ ከኔጋቲቭ 12 ዴሲቤል ብዙ እንዳይዘል።

የድሬ ጠላት ቬንትሌተር ነው። ሙቀቱ አያስችልም፣ ካልተዘጋ ደግሞ ንግግሩን ይበላዋል። እየቀረፃችሁ ሳለ ዝጉት፣ በመሀል ስታርፉ ክፈቱት። ፍሪጁንም ንቀሉ፣ እና የቤቱን ቁልፍ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት። ስትወጡ ቁልፉን ስትፈልጉ መሰካቱ ትዝ ይላችኋል፤ አለበለዚያ የሰው ሥጋ ይበላሻል። ጸጥ ያለ ሰዓት ከፈለጋችሁ ከዚራ ዛፎቹ ሥር ጠዋት 12 ሰዓት፤ ግን ወፎቹ ጠዋት ጉድ ናቸው፣ ከወደዳችኋቸው ይግቡ።

ከመነሳታችሁ በፊት ማንም ሳይንቀሳቀስ የባዶ ክፍሉን ድምፅ አንድ ደቂቃ ቅዱ። ሩም ቶን ይባላል። ቁርጥራጩን የሚያያይዝላችሁ እሱ ነው።

የባቡር ፊሽካ ደግሞ እንዳታስገቡ አደራ! ድሬ ናትና ባቡር ይሰማ ይላሉ። የአሁኑ ባቡር ኤሌክትሪክ ነው፣ ጣቢያውም ከከተማ ወጣ ብሎ ነው። ከዚራ ቁጭ ብሎ አይሰማም።

ሙሸበክ በሻይ

አቦ ፊሽካውንስ ተዉልን፣ የልጅነታችን ነው!

ቡም ያዥ

እንግዲያው ትዝታ መሆኑ ይታወቅ። ሰውዬው ሲያስታውስ ይምጣ፣ በመስኮት በኩል አይምጣ።

የከዚራዋ

@ሙሸበክ በሻይ አንኳኩቶ የሚገባውን ሰው የሚጫወት አጥተናል። የራስህን አነጋገር ይዘህ ነው የምትመጣው፣ ምንም አታስመስል። ምሳ ፈጢራ በማር አለ።

ሙሸበክ በሻይ

የቱ ላይ ነው የምስቀው?

የከዚራዋ

የትም።

ሙሸበክ በሻይ

ከባድ ነው። እሺ መጣሁ።

ገንደ ቆሬ

ቀፊራ ገበያም ልትቀዱ ካሰባችሁ እኔ ልምጣ። ሴቶቹን ቀድሜ በኦሮምኛ ላናግራቸው፤ ሳይጠየቁ ከተቀዱ ይቆጣሉ፣ ልክም ናቸው። እና አንዷ ላይ ማይክ እንሰካ። የፈለገችውን ታውራ። ትርጉሙን እኔ እጽፋለሁ።

ቡም ያዥ

እሑድ ጠዋት ይመቸኛል። መቅጃውንና የንፋስ መከላከያውን ይዤ እመጣለሁ፣ ሚሞሪ ካርድ ግን የእናንተ ነው። ሄድፎን ያለው ሰው አለ? የእኔ አንዱ ጆሮ አይሠራም።

ሳቢያን ማታ

እኔ አለኝ። ግን መልሱልኝ።